ብድሩ የት ያድራል?

ቤት ገዝተው ለማከራየት ለሚጀምሩ ሰዎች ስለ ባንክ ምርጫ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የተደረገ ንግግር

ቅዳሜ ማታ ስለ ባንክ ለመስማት የሚመጣ ሰው ወይ ቤት ሊገዛ ነው፣ ወይ የገዛው ቤት እንቅልፍ ነስቶታል። ለሁለቱም የሚሆን ነገር ይዤ የመጣሁ ይመስለኛል።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ቤት ገዝቶ ማከራየት የሚጀምር ሰው ባንኩን እንዴት ይምረጥ የሚል ነው። ስለዚህ ዛሬ የትኛው ሰፈር እንደሚያዋጣ፣ ዋጋ ይወጣል ወይስ ይወርዳል በሚለው ላይ አልናገርም። በዚያ ጉዳይ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከኔ የበለጠ የሚከራከር አይጠፋም። የኔ ነገር ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ፣ ብድሩ ከተፈረመ በኋላ የት እንደሚሄድ አስረዳለሁ። ቀጥሎ ወረቀታችሁን ስለሚያነበው ሰው እናገራለሁ፤ ብዙ ጊዜ የምወስደው እዚያ ላይ ነው። በመጨረሻም ብድሩን እጁ ላይ ስለሚያስቀር ትንሽ ባንክ፣ መቼ እንደሚያስፈልግና ምን እንደሚያስከፍል እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ክፍል ከመግባቴ በፊት ግን ሁልጊዜ የሚቀድመውን ጥያቄ ላንሳው፦ «ወለዱ ዝቅ ያለው የትኛው ባንክ ጋ ነው?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብቻ ተራው ገና ነው። እስኪ እናስላው። የ300,000 ዶላር የ30 ዓመት ብድር በ7 በመቶ ወለድ የወር ክፍያው ወደ 1,996 ዶላር ይሆናል። በ6.75 በመቶ ከሆነ ወደ 1,946 ይወርዳል። ልዩነቱ በወር 50 ዶላር ገደማ ነው። 50 ዶላር አይናቅም። ነገር ግን ያንን ሩብ በመቶ የሚቀንስላችሁ አበዳሪ አንድ «ፖይንት»፣ ማለት የብድሩን አንድ በመቶ፣ 3,000 ዶላር በቅድሚያ ተቀብሎ ከሆነ፣ የከፈላችሁት የሚመለሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በመሀሉ ቤቱን ከሸጣችሁት ወይም ሪፋይናንስ ካደረጋችሁት የተረፈው ባንኩ ነው። በሌላ በኩል፣ ክሎዚንግ አንድ ሳምንት ሲቀረው «ይቅርታ፣ ማመልከቻህ አላለፈም» የሚል አበዳሪ ቀብዱን ሊያስበላችሁ ይችላል። የሩብ በመቶው ትርፍ ያንን ጉዳት ለመሙላት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከወለዱ በፊት ሌላ ጥያቄ ይቅደም እላለሁ፦ ይህ ብድር ከፈረምኩ በኋላ የት ያድራል?

እዚህ አገር አብዛኛው የቤት ብድር የፈረማችሁበት ቤት አያድርም። አበዳሪው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሸጠዋል፤ ባገኘው ገንዘብ ለሌላ ሰው ያበድራል። ትልልቆቹ ገዢዎች ሁለት ናቸው፤ በ1938 የተመሠረተው ፋኒ ሜይና በ1970 የተመሠረተው ፍሬዲ ማክ። ከሴፕቴምበር 2008 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት ሞግዚትነት ሥር ይገኛሉ። ሩቅ አገር ያሉም አይደሉም፤ የፋኒ ሜይ ዋና መሥሪያ ቤት ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ የፍሬዲ ማክ ደግሞ ፖቶማክን ተሻግሮ ማክሊን፣ ቨርጂኒያ ነው። ከመካከላችሁ ታክሲ የምትነዱ ሠራተኞቻቸውን አድርሳችሁ ታውቁ ይሆናል።

ይህ ለጀማሪ ምን ማለት ነው? ብድሩ ለእነዚህ ሁለት የሚሸጥ ከሆነ ደንቡን የሚያወጣው የሰፈራችሁ ባንክ አይደለም፣ ገዢው ነው። ትልቁ ባንክም፣ ትንሹም፣ ቅርንጫፍ የሌለው የስልክና የኢንተርኔት አበዳሪም የሚከተሉት መጽሐፍ ያው አንድ ነው። ለምሳሌ በፋኒ ሜይ ደንብ የማትኖሩበትን አንድ ቤት ለማከራየት ስትገዙ ዝቅተኛው ዳውን ፔይመንት 15 በመቶ ነው። ከሁለት እስከ አራት ዩኒት ያለው ከሆነ 25 በመቶ ይሆናል። የስድስት ወር ክፍያ የሚሸፍን መጠባበቂያ ገንዘብ ይፈለጋል። ከሚጠበቀው ኪራይ የሚቆጠርላችሁ 75 በመቶው ብቻ ነው፤ ቀሪው ቤቱ ባዶ ለሚሆንበት ጊዜና ለጥገና ተብሎ ይቀነሳል። ኪራዩ 2,600 ዶላር፣ ክፍያው ከነታክሱና ከነኢንሹራንሱ 2,200 ዶላር ነው እንበል። እናንተ በወር 400 ዶላር ትርፍ ታያላችሁ። ባንኩ ግን 1,950 አስቦ የ250 ዶላር ጉድለት ያያል፤ ያችንም ዕዳችሁ ላይ ይደምራታል። ማከራየት ገና የምትጀምሩ ከሆነ ደግሞ ኪራዩ ቢበዛ የዚያኑ ቤት ክፍያ ይሸፍንላችኋል እንጂ ትርፉ እንደ ተጨማሪ ገቢ አይያዝም።

ልትኖሩበት ከገዛችሁ ነገሩ ይለወጣል። ኤፍ ኤች ኤ የሚባለው የመንግሥት ዋስትና ያለበት ብድር፣ ክሬዲታችሁ 580 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አንዱ ዩኒት ውስጥ እስከኖራችሁ ድረስ እስከ አራት ዩኒት ያለውን ቤት በ3.5 በመቶ ያስገዛል። ፋኒ ሜይም ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ እንዲህ ላለው ቤት 5 በመቶ ይበቃል ብሏል። ሞንትጎሜሪ ካውንቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ የለም፤ ባልቲሞርና ዲሲ ግን ይገኛል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መንገድ እንደሌለ አምናለሁ። ጎረቤታችሁን ተከራይ አድርጋችሁ አንድ ዓመት ስትኖሩ ስለ ማከራየት የምትማሩት ከማንም ንግግር፣ ከዚህኛውም ጭምር፣ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ልትኖሩበት ቤት ለመግዛት ስታመለክቱ አበዳሪው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ «ሎን ኢስቲሜት» የተባለውን ባለ ሦስት ገጽ ወረቀት እንዲሰጣችሁ ሕጉ ያስገድደዋል። ወለዱ፣ የወር ክፍያው፣ የክሎዚንግ ወጪው ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ስለሚቀመጥ የሁለት አበዳሪዎችን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይቻላል። ቤቱ ለኪራይ ብቻ የሚገዛ ሲሆን ግን ሕጉ ብድሩን የንግድ ብድር አድርጎ ስለሚያየው ግዴታው ይነሳል። ሦስት ወይም አራት ዩኒት ያለውን ቤት አንዱ ውስጥ ልትኖሩም ብትገዙ እንደዚያው ነው። ለፋኒ ሜይ የሚሸጡ ብዙ አበዳሪዎች ወረቀቱን እንዲያው በልማድ ይሰጣሉ፤ የማይሰጡም አሉ። ስለዚህ በግልጽ ጠይቁ። «ለኪራይ ቤት አንሰጥም» ካላችሁ ቢያንስ ወጪዎቹን ሁሉ ዘርዝሮ በጽሑፍ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ያንንም እንቢ ካለ ሌላ አበዳሪ ፈልጉ።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። ደንቡ አንድ ከሆነ የሚለያየው ምንድን ነው? ደንቡን የሚያነበው ሰው። በብድር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ያየሁት ይህንን ነው፤ ያው ፋይል አንድ ቢሮ ወድቆ ሌላ ቢሮ ያልፋል። ይህ ልዩነት ደግሞ ከማንም በላይ የሚነካው እንደኛ ያለውን ማኅበረሰብ ነው፤ ገንዘባችን የሚመጣበትና የሚጠራቀምበት መንገድ ከብዙ አሜሪካዊ ይለያልና።

ዕቁብን እንውሰድ። አንዲት እህት ዕቁብ ደረሳት እንበል። 20,000 ዶላር በአንድ ቀን ሂሳቧ ውስጥ ገባ። ባንኩ የሁለት ወር ስቴትመንት ሲያይ ከወር ገቢዋ ከግማሽ በላይ የሆነ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከገባ «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ነገሩን የማያውቅ ሎን ኦፊሰር ሦስት ነገር ሊላት ይችላል። «ይህ ገንዘብ አይቆጠርም» ይላታል። ወይም «ሁለት ወር አስቀምጪውና ተመለሺ» ይላታል፤ በዚያ መካከል ቤቱ ይሸጣል። ሦስተኛው የከፋው ነው፤ «ዘመድ ስጦታ ሰጠኝ ብለሽ ጻፊ» ይላታል። ይህ ውሸት ነው፤ በዚያ ላይ አይጠቅማትም፤ ፋኒ ሜይ ለማከራየት በሚገዛ ቤት ላይ ስጦታ ጭራሽ አይቀበልም። ወንድሞቻችሁ ከልባቸው ሊረዷችሁ የተዘጋጁ ቢሆን እንኳ እርዳታቸው ለምትኖሩበት ቤት ይሠራል እንጂ ለኪራይ ቤት ዳውን ፔይመንት አይሆንም። ይህን ቀድማችሁ እወቁ።

ደንቡን የሚያውቀው ሎን ኦፊሰር ግን ሌላ ነገር ይላታል። በፋኒ ሜይ መጽሐፍ ውስጥ ሰዎች በማኅበር ተሰባስበው የሚያጠራቅሙት ገንዘብ ራሱን የቻለ ርዕስ አለው። ዕቁብ በስም አልተጠራም፤ የተገለጸው ግን እሱው ነው። ለዳውን ፔይመንት ይሆናል፤ የሚጠየቀው ማስረጃ ሁለት ነው፤ ገንዘቡን ከሚያስተዳድረው ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫና እስከዛሬ ስትከፍሉ የኖራችሁበት ማስረጃ። ኤፍ ኤች ኤም ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው። እንግዲህ የዕቁቡ ዳኛ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ጸሐፊው የክፍያውን መዝገብ ይሰጣል ማለት ነው። ችግሩ ከኛ በኩል ነው። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ከሆነ፣ ደብተሩም ላይ ስማችሁ «የሙሉ እናት» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ባንኩን ማስረዳት ይቸግራል። ቤት ለመግዛት የምታስቡ ከዛሬ ጀምራችሁ የዕቁቡን ክፍያ በቼክ ወይም ከሂሳብ ወደ ሂሳብ አድርጉት፤ ዳኛውንም በሙሉ ስማችሁ እንዲመዘግብ ለምኑት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዕጣው ከወጣላችሁ በኋላ የሚቀረው ወርሃዊ ክፍያ እንደ ዕዳ ይቆጠራል። በወር 1,000 ዶላር የምትጥሉበትን ዕቁብ በመጀመሪያው ዙር ከወሰዳችሁት፣ ባንኩ ፊት በወር 1,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ሰው ናችሁ። በመጨረሻው ዙር ከወሰዳችሁት ምንም ዕዳ የለባችሁም። ሁላችንም የመጀመሪያውን ዕጣ እንመኛለን፤ ለሞርጌጅ ግን የሚመረጠው የመጨረሻው ነው። ከዳኛው ጋር ተነጋግሮ ተራ መለዋወጥ ለኛ ሰው አዲስ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ሲለዋወጥ ግን እስካሁን ብዙ አላየሁም።

ሁለተኛው ምሳሌ ሹፌሮችን ይመለከታል። ኡበር፣ ሊፍት ወይም ታክሲ የሚነዳ ሰው ለባንክ የሚያቀርበው ገቢ የቼክ ቅዳጅ አይደለም፤ የሁለት ዓመት ታክስ ሪተርን ነው። ባንኩ የሚያየው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረውን ነው። ታክስ ስትሠሩ ብዙ ወጪ ስለምትቀንሱ ለአይ አር ኤስ ትንሽ ትከፍላላችሁ፤ ያው ወረቀት ባንክ ሲደርስ ደሃ ያደርጋችኋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ግን የሚከተለው ነው። በ2024 አይ አር ኤስ ለአንድ የሥራ ማይል 67 ሳንቲም እንዲቀነስ ፈቅዷል። ከዚያ ውስጥ 30 ሳንቲሙ የመኪናው ዋጋ ማነስ፣ ዲፕሪሲየሽን፣ ነው። ከኪስ የወጣ ገንዘብ ስላልሆነ የብድር ደንቡ ተመልሶ ገቢ ላይ እንዲደመር ይፈቅዳል። በዓመት 40,000 ማይል የነዳ ሹፌር 26,800 ዶላር ቀንሷል፤ ከዚያ ውስጥ 12,000 ዶላሩ ይመለስለታል። በወር 1,000 ዶላር ተጨማሪ ገቢ ማለት ነው። አንዱ ሎን ኦፊሰር ይህን ይሠራል፣ ሌላው ታክስ ሪተርኑ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ገልብጦ «ገቢህ አይበቃም» ይላል። የሁለቱ ወለድ አንድ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ ስለ ሩብ በመቶ ብንጨቃጨቅ ምን ይጠቅመናል?

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። ክሬዲታችሁን እንዲያዩ ከመፍቀዳችሁ በፊት ለሦስት አራት ሎን ኦፊሰሮች ደውሉና የራሳችሁን ጉዳይ የሚመለከት ጥያቄ ጠይቁ። ዕቁብ ካላችሁ ስለ ዕቁቡ፣ ሹፌር ከሆናችሁ ስለ ማይሉ። «እሱን በኋላ እናየዋለን» የሚለውን ተዉት። «አላውቅም፣ ደንቡን አይቼ ነገ እደውላለሁ» ብሎ በማግሥቱ የሚደውለው ግን ጥሩ ሰው ነው፤ እንዲያውም ሁሉን አውቃለሁ ከሚለው እሱን እመርጣለሁ። ከተመረጡት ጋር ክሬዲቱን ስታስፈትሹ በ14 ቀን ውስጥ አድርጉት፤ ለቤት ብድር የተደረጉት ፍተሻዎች ለክሬዲት ነጥባችሁ እንደ አንድ ይታያሉ። እያንዳንዱ ሎን ኦፊሰር ደግሞ ኤን ኤም ኤል ኤስ የተባለ ቁጥር አለው፤ በዚያ ቁጥር የት የት እንደሠራና ቅጣት ካለበት በነፃ ማየት ትችላላችሁ። በ2008 የወጣው ሕግ ያመጣው ጥሩ ነገር ነው፤ እኛ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ መተዋወቁን እናምናለን።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የሚያሳስበኝ አንድ ምክር በማኅበረሰባችን ውስጥ ይዞራል፦ «ልኖርበት ነው በል፣ ከዚያ አከራየው።» በዚህ መንገድ ዳውን ፔይመንቱም ወለዱም ዝቅ ይላል። ምክሩ አንዳንዴ የሚመጣው ከራሱ ከብድር ሠራተኛው ነው፤ አማርኛ ስለሚናገርም ይታመናል። ወገኖቼ፣ ለባንክ ብድር ብሎ ሆን ብሎ የሐሰት ቃል መስጠት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ ሕጉ እስከ 30 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር መቀጮ ያስቀምጥለታል። ሁሉም ሰው ይታሰራል እያልኩ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ባንኩ ብድሩን በሙሉ ባንዴ ክፈል ማለቱ ነው። የሚታወቅበት መንገድም ቀላል ነው። የሜሪላንድ የንብረት መዝገብ ማንም ሰው በኢንተርኔት የሚያየው ነው፤ ቤቱ የባለቤቱ ዋና መኖሪያ መሆን አለመሆኑ እዚያ ተጽፏል። የምትገዙት ኢንሹራንስም ዓይነቱ ይናገራል። ሐቀኛው መንገድ ደግሞ የተዘጋ አይደለም። ደንቡ በ60 ቀን ውስጥ ገብታችሁ ቢያንስ አንድ ዓመት እንድትኖሩ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ሕይወት ተለውጦ ብታከራዩት የሚከለክላችሁ የለም። ብዙ ሰዎች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቤት ያገኙት እንዲህ ዓመት እየጠበቁ ነው። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጣችሁ ሎን ኦፊሰር የቀረውንም ወረቀታችሁን እንዴት እንደሚሞላው አስቡት።

አሁን ሦስተኛው ክፍል ላይ ደርሻለሁ፤ ብድሩ የማይሸጥበት ቤት። አንዳንድ ባንኮች፣ በተለይ የአካባቢ ትንንሽ ባንኮች፣ ያበደሩትን ራሳቸው ዘንድ ያስቀሩታል። የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ማለት ነው፤ ዕዳውን የያዘው ራሱ ስለሆነ ደንቡን የሚያወጣውም ራሱ ነው፣ የሚያበድረውም ለሚያውቀው ሰው ነው። የፋኒ ሜይ ደንብ ቤቱ ያረጀና ጥገና የሚፈልግ ከሆነ፣ በድርጅት ስም፣ በኤል ኤል ሲ፣ ልትገዙ ከፈለጋችሁ፣ ወይም ብድር ያለባቸው ቤቶቻችሁ ከአሥር ካለፉ በሩን ይዘጋል። ትንሹ ባንክ ግን አየት ያደርጋችሁና «እስኪ እንነጋገር» ሊል ይችላል።

የሚያየውም ሌላ ነገር ነው። ከደሞዛችሁ ይልቅ ኪራዩ ክፍያውን ስንት ጊዜ ይሸፍናል ብሎ ያሰላል። ብዙዎቹ 1.25 ይፈልጋሉ። ቅድም ባልኩት ቤት 2,600ን ለ2,200 ስናካፍል 1.18 ይመጣል፤ አያልፍም። እንዲያልፍ ክፍያው ወደ 2,080 መውረድ አለበት፤ ይህም ዳውን ፔይመንቱን ከፍ ማድረግ ማለት ነው። የአካባቢ ባንክ ኪራዩ ወደፊት ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችልም ያውቃል። በሞንትጎሜሪ ካውንቲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች የዓመቱ ጭማሪ ከ6 በመቶ አይበልጥም። በካውንቲው ውስጥ ከሁለት ያልበለጡ የኪራይ ቤቶች ያሉት ግለሰብ ከገደቡ ነፃ ነው። ሦስተኛውን ስትገዙ ግን ነፃነቱ ያልፋል። ይህን ከሩቅ ያለ አበዳሪ አይነግራችሁም፤ ስሌቱን የሚያበላሸው ግን ይኸው ገደብ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ትንሹ ባንክ አንሄድም? ዋጋው ውድ ስለሆነ፤ ዋጋ ያልኩትም ወለዱን ብቻ አይደለም። ፋኒ ሜይ የሚገዛው ብድር ለ30 ዓመት ወለዱ ተቆርጦ የሚሰጥ ነው፤ ክፍያው በዚያው ይረጋል። ትንሹ ባንክ እንዲህ ያለውን ዘመን አርዝሞ መያዝ ያስፈራዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ክፍያው በ25 ዓመት የተሰላ፣ ነገር ግን በአምስት ዓመት የሚያልቅ ብድር ነው። 300,000 ዶላር በ7 በመቶ እንዲህ ከተበደራችሁ በወር ወደ 2,120 ዶላር ትከፍላላችሁ። አምስት ዓመቱ ሲያልቅ ወደ 273,500 ዶላር ይቀራል፤ ያንን በአንድ ጊዜ መክፈል ወይም እንደገና መበደር አለባችሁ። «ባሉን» የሚሉት ይህ ነው። በዚያን ቀን ወለዱ ስንት እንደሚሆን፣ ባንኩም ለኪራይ ቤት ማበደር ይፈልግ አይፈልግ እንደሆነ ዛሬ የሚነግራችሁ የለም። በ2021 በዝቅተኛ ወለድ የአምስት ዓመት ብድር የፈረመ ሰው በ2026 የሚጠብቀው ወለድ በጣም የተለየ ነው።

ሌሎች ሁለት ነጥቦች ከፊርማ በፊት ይነበቡ። አንደኛ፣ በኤል ኤል ሲ ስም ብትበደሩም ባንኩ የግል ዋስትና ያስፈርማችኋል፤ ድርጅቱ ካልከፈለ እናንተ ትከፍላላችሁ። ኤል ኤል ሲ ዕዳውን ከቤተሰቤ ይከልልልኛል ብሎ የሚያስብ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ሁለተኛውን ቤት ስትገዙ የመጀመሪያውን በመያዣነት አብሮ የሚያስር አንቀጽ ሊኖር ይችላል። በአንዱ ቤት ብትቸገሩ ሌላውም አብሮ ይያዛል፤ አንዱን ልሽጥ ብትሉም ያለ ባንኩ ፈቃድ አይሆንም። ጠበቃ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ክሬዲት ዩኒየንን በተመለከተ አጭር ቃል። አባላቱ ባለቤቶቹ ስለሆኑ ክፍያቸው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ለንግድ የሚያበድሩት ገንዘብ በሕግ የተገደበ ነው፤ እስከ 2018 ድረስ ባለቤቱ የማይኖርበት ከአንድ እስከ አራት ዩኒት ያለው ቤትም በዚያ ገደብ ውስጥ ይቆጠር ነበር። በዚያ ዓመት የወጣ ሕግ አነሳው። ድሮ «ለኪራይ ቤት አናበድርም» ያላችሁ ክሬዲት ዩኒየን ዛሬ ሌላ መልስ ሊኖረው ይችላልና ደግማችሁ ጠይቁ። ወለድ ሃይማኖታቸው ለሚከለክላቸው ወንድሞችና እህቶች ደግሞ መቀመጫውን ሬስተን፣ ቨርጂኒያ ያደረገውን ጋይደንስ ሬዚደንሻልን የመሰሉ በሽርክና መልክ የሚሠሩ ተቋማት አሉ። እዚያም ቢሆን የወሩን ክፍያና ጠቅላላ ወጪውን ከሌላው ጋር አስተያዩ፤ መልኩ ሸሪዓን ተከተለ ማለት ዋጋው ተመጣጠነ ማለት አይደለም። «ባንኩ ቢወድቅስ?» ለሚለው፣ ተቀማጫችሁ በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር የፌዴራል ዋስትና አለው፣ በክሬዲት ዩኒየንም እንዲሁ። ዕዳው ግን አይወድቅም። ፈርስት ሪፐብሊክ በሜይ 2023 ሲወድቅ ተበዳሪዎቹ ወደ ጄፒ ሞርጋን ቼዝ ተላለፉ፤ ክፍያቸውንም ቀጠሉ።

ከመውደቅ ይልቅ የሚደጋገመው መሸጥ ነው። ሳንዲ ስፕሪንግ ባንክ በ1868 እዚሁ ሞንትጎሜሪ ካውንቲ ውስጥ የተመሠረተ የአካባቢ ባንክ ነበር። በኤፕሪል 2025 የሪችመንዱ አትላንቲክ ዩኒየን ጠቀለለው። እንዲህ ሲሆን የተፈረመው ውል እንዳለ ይቀጥላል። የሚለወጠው ያልተጻፈው ነው፤ ስልካችሁን የሚያነሳው ሰው፣ የሚቀጥለው ብድር፣ የባሉኑ ዕድሳት። ስለዚህ ከትንሽ ባንክ ጋር የምትሠሩ ከሆነ በአንድ ባንክ አትወሰኑ። ከተቻለ ሁለት ቦታ ሂሳብ ይኑራችሁ፤ ግንኙነታችሁም ከባንኩ ይልቅ ከሠራተኛው ጋር ይጥበቅ፤ ሰውየው ሌላ ባንክ ሲሄድ እናንተን ያስታውሳል።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ የመጀመሪያው ብድር ወደ ፋኒ ሜይ ወይም ወደ ኤፍ ኤች ኤ ይሂድ ነው፤ ወለዱ ለ30 ዓመት የተቆረጠ ይሁን፣ አበዳሪው ደንቡን ጠንቅቆ የሚያነብ ሰው ይሁን። ትንሹን ባንክ ግን ዛሬውኑ መተዋወቅ ትችላላችሁ፤ ሕጉ ራሱ ምክንያት ሰጥቷችኋል። በሜሪላንድ ከተከራይ የምትቀበሉት የማስያዣ ገንዘብ፣ ዲፖዚት፣ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። በተቀበላችሁ በ30 ቀን ውስጥም የፌዴራል ዋስትና ባለው፣ በሜሪላንድ በሚሠራ ባንክ፣ ለዲፖዚት ብቻ በተከፈተና ወለድ በሚያስገኝ ሂሳብ መግባት አለበት። ከቤት ወጪያችሁ ጋር ከተቀላቀለ ጥፋት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሂሳብ ደሞዙ ከሚገባበት ትልቅ ባንክ በአንድ ደቂቃ በስልኩ ይከፍታል። እናንተ ግን ሦስተኛውን ቤት ከማን ልበደር ትሉ እንደሆነ አስቡና እዚያ ባንክ ሂዱ። ቅርንጫፍ አስኪያጁን በአካል አግኙት፣ የኪራዩንም ሂሳብ እዚያው ክፈቱ፣ በየወሩ ኪራዩ ሲገባ ይየው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስለ ዕቁቡ የምትጠይቁ ከፊት ብትቀመጡ ይሻላል፣ ብዙ እንደምትሆኑ እጠረጥራለሁ።